የጥጥ ነዳፊዋ መሐላ

ቡንዲ ሱግራን በወለደች በዘጠነኛው ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ አራት ሸካሚዎች ዶሊ የሚሉትን ባለመጋረጃ የሰው መሸከሚያ በትከሻቸው ተሸክመው ደጇ ላይ ቆሙ። የኑርገንጅ የጥጥ ነዳፊዎች ሰፈር መንገዱ ሁለት ፍየል ጎን ለጎን አያሳልፍም፤ ዶሊው አልገባ ሲል አንደኛው ሸካሚ የጎረቤቷን የጭቃ አጥር ገፍቶ ናደው። ጎረቤቲቱ እርግማኗን ይዛ ብቅ አለችና ዶሊው የማን መሆኑን ስታይ ምላሷን ውጣ ተመለሰች።

የገይረት ኻን ነበር። ገይረት ኻን አርባ ፈረሰኛ የሚያዝ፣ ከዴልሂው ንጉሥ ሁለት መንደር በጉልት የተሰጠው አፍጋን ነው። አራት ሴት ልጆች ከወለደ በኋላ ወንድ አገኘና ሙስተጃብ ብሎ ስም አወጣለት፤ ልመናው የተሰማለት ለማለት። እናትየዋን ግን የወሊድ ትኩሳት ጣላትና ጡቷ ነጠፈ። የምታጠባ ሴት ሲፈለግ፣ ወተቷ የሞላ የጥጥ ነዳፊ ሚስት አለች ተባለ።

"የኛዋስ ሕፃን?" አለ ባሏ ጁማን፣ የጥጥ ደጋኑን ከእጁ ሳያስቀምጥ።

"ይዛት ትምጣ" አለ የሸካሚዎቹ አለቃ። "ትንሹ ጌታ ሳይጠግብ ግን እሷ አትጠባም።"

በዚሁ ቡንዲ ሁለት ዓመት ከኻኑ ግቢ ተቀመጠች። የግቢው አሮጊቶች ቀኝ ጡቷን ለሙስተጃብ ብቻ ለዩት፤ ከግራውም ቢሆን ሱግራ የምታገኘው እሱ ጠግቦ ሲተኛ ነው። ልጅቱ ከሳች። አንዲት ገረድ የጎሽ ወተት የነከረችበትን ጨርቅ እያስጠባች ነፍሷን አቆየቻት። ይህን ሁሉ ሰው ያውቀዋል። ቡንዲ ለማንም ያልተናገረችው ሌላውን ነው፤ በዚያን ጊዜ ብዙም አላዘነችም። ልቧ ወደ ወንዱ ሄዶ ነበር። ሙስተጃብ ጠብቶ ሲያበቃ ጡቱን ሳይለቅ ቀና ብሎ ይስቅላታል፤ ወተቱ በአገጩ ይወርዳል። ከወዲያኛው ክፍል የሱግራ ለቅሶ ሲሰማ፣ "ዝም አሰኟት እንጂ፣ ልትቀሰቅስብኝ ነው!" ትል ነበር።

ጡት ሲጥል አንዲት ላም ተሰጥቷት ወደ ሰፈሯ ተመለሰች። ሱግራ ቁመቷ አጭር፣ ምላሷ ግን ረጅም ሆና አደገች። "እኔ የትራፊ ልጅ ነኝ፣ ለዚህ ነው አጥር ላይ የማልደርሰው" እያለች ጓደኞቿን ታስቃለች። ቡንዲም አብራ ትስቃለች፤ ከሁሉ ቀድማም ታቆማለች።

የዴልሂ መንግሥት በዚያ ዘመን ያረጀ ዝሆን ነበር፤ ቆዳው እንጂ ጉልበቱ የለም። ወታደር ዓመት ሙሉ ያለ ደመወዝ ይከርማል፤ ገዥ ተብሎ የሚላከው ሹም ኑርገንጅ ሳይደርስ ከመንገድ ይመለሳል። ገይረት ኻን ከደቡብ ከመጡ ዘራፊ ፈረሰኞች ጋር ሲዋጋ ሲወድቅ ሙስተጃብ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። የአባቱን አርባ ፈረሰኞች ሰበሰበና ከየምሽጉ የኮበለለውን፣ የተባረረውን፣ ሆዱ ባዶ የሆነውን ወታደር ሁሉ ጠራ። "ንጉሡ ያላበላችሁን እኔ አበላችኋለሁ" አላቸው። አበላቸውም። ከማን ማዕድ እንደሆነ የጠየቀ የለም። በሦስት ዓመት አርባው ሁለት ሺህ ሆነ። ዴልሂም ሊቀጣው ስላልቻለ ሾመው፤ የክብር ካባና "የመንግሥት ክንድ" የሚል ማዕረግ ላከለት።

ካባውን በለበሰ ማግስት ወደ ነዳፊዎቹ ሰፈር መጣ። ከመንገዱ አፍ ላይ ከፈረሱ ወርዶ በእግሩ ገባ፤ ሰፈሩ ሁሉ እያየ በቡንዲ ጉልበት ላይ ግንባሩን አኖረ።

"መርቂኝ፣ እማዬ።"

ቡንዲ አሻግራ የመንገዱን አፍ አየች። "ፈረሱን ሰው ይዞታል?" አለች። "የሰው አጥር እንዳይንድ።"

ሰዉ ሳቀ። ሙስተጃብም ሳቀ፤ ያው የልጅነቱ ሳቅ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሟ ተረሳና የኻኑ እናት ሆነች። ልጁ የታሰረበት፣ በሬው የተነዳበት፣ መሬቱን የተቀማ ሁሉ ደጇ ይሰለፋል። የመስጊዱ ኢማም ሳይቀር ነቢዩን ካጠቡት ከሐሊማ ጋር አነጻጸራት። ለአንዳንዱ አማለደች፣ ተሳካላት። ለሌላው አልተሳካላትም፤ እሱን ቶሎ ትረሳዋለች።

ጁማን ብቻ ፊቱ አልፈታ አለ። "እኛ የምንነድፈው ጥጥ ነው፣ ቡንዲ" አላት። "ጥጥ ደግሞ እሳት አጠገብ አይቀመጥም።"

"ቅናት ነው። 'የጁማን ሚስት' ብሎ የሚጠራኝ ስለጠፋ ነው።"

"እሱስ እውነትሽን ነው፤ አሁን እኔን 'የቡንዲ ባል' ነው የሚሉኝ" አለና ደጋኑን መታው።

በተሾመ በአራተኛው ዓመት ሙስተጃብ ግብር ወደ ዴልሂ መላኩን ተወ። ቀጥሎ በጁምዓ ኹጥባ፣ በዓርቡ የመስጊድ ስብከት ላይ፣ የንጉሡ ስም እንዳይጠራ አዘዘ። ኢማሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስሙን ዘለለው፤ ሰዉ እርስ በርስ ሳይተያይ፣ ጫማ የሚፈልግ መስሎ አቀርቅሮ ወጣ። ሽፍትነቱ በአደባባይ ሆነ። ንጉሡን አንከዳም ያሉ መንደሮች ተቃጠሉ። ያን ሰሞን በኑርገንጅ መንገድ በሬ የሚጎትታቸው ጋሪዎች የተነቀሉ የቤት በሮች ጭነው ያልፉ ነበር፤ ጥሩ እንጨት ውድ ነውና። ሙስተጃብ ከመካከላቸው አንዱን፣ የናስ ምስማር የተመታበትን፣ ለእናቴ ብሎ ላከላት።

"የማን ቤት በር ነው?" ብሎ ጁማን ባለጋሪውን ጠየቀው።

"የነበረ ሰው ነው፣ አባባ" አለ ባለጋሪው።

ጁማን እጄን አላነሳም አለ። ቡንዲ ሌላ ሰው ቀጥራ አስተከለችው። በሩ ለጭቃ ቤቷ ስለበዛ ግድግዳው ፈርሶ ነው የገባው። እሷ በዚያ በር ቀና ብላ ትገባለች፣ ትወጣለች። ጁማን ግን ከዚያ በኋላ በጓሮ፣ ፍየሎቹ በሚገቡበት ነበር የሚገባው። ጎረቤት ሲስቅበት፣ "እኔና ፍየሎቹ የራሳችንን በር እንወዳለን" ይላል።

ሱግራ ያኔ ኮትላ ነበረች። ኢዱ የሚባል ጨርቅ ቀላሚ አግብታ በራምጋንጋ ወንዝ ዳር፣ የግማሽ ቀን መንገድ ርቃ ትኖራለች። ኮትላ የጡብ ግንብ ያላት ትንሽ ከተማ ናት። አዛዧ ሚር ሂማየት የሚባል ጥርሱ የረገፈ ሽማግሌ ሲሆን፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ያለ ደመወዝ ከተማዋን ለንጉሡ ጠብቋል። "የንጉሡን ጨው በልቻለሁ፤ አሁን ቢያጡ ያኔ የበላሁት ከሆዴ አይወጣም" ይል ነበር።

ሙስተጃብ ኮትላን ከበበ። ሁለት ወር አልቀመስ አለችው። በመሃሉ የንጉሡ ጦር በስንት ጊዜው መድፍ እየጎተተ ከዴልሂ ወጣ የሚል ወሬ መጣ። ወንዙን የሚዘጋበት ሌላ ምሽግ የለውምና ኮትላን ቶሎ መያዝ ነበረበት። ቁርኣን አስይዞ ሽማግሌ ላከ፤ ውጡ፣ አልነካችሁም ብሎ። ሚር ሂማየት ከግንቡ ላይ ሆኖ፣ "ይሄ ቁርኣን ባለፈው ዓመት ለሌላ ምሽግ ሰዎችም ተልኮ ነበር። ሬሳቸውን የቀበርኩት እኔ ነኝ" ሲል መለሰ።

ይህን ጊዜ ነው ሙስተጃብ ዶሊ ወደ ቡንዲ የላከው።

"አትሂጂ" አላት ጁማን።

"ልጄ እዚያ ውስጥ ናት! እንዴት አልሄድም?"

"ለየትኛው ልጅሽ ነው የምትሄጂው?"

ቡንዲ አዲሱን ነጠላዋን ለብሳ ወጣች።

ከጦር ሰፈሩ ዳር ሙስተጃብ ራሱ ተቀበላት። ከፈረሱ ወርዶ አንድ እጁን የዶሊው መሸከሚያ እንጨት ላይ አድርጎ፣ እንደ አሽከር ከጎኗ በእግሩ ሄደ። ወታደሩ ሁሉ እያየ ነው። የቡንዲ ልብ በደስታ አበጠ፤ ይህንንም ኋላ ስታስበው ፊቷን በመዳፏ ትሸፍናለች።

"በሩ ላይ ቆመሽ ውጡ በያቸው፣ እማዬ። ነፍሳቸውን፣ ሚስት ልጃቸውን፣ የቻሉትን ተሸክመው ይሂዱ። እኔ የምፈልገው ከተማዋን ብቻ ነው። የኔን መሐላ እንቢ ብለዋል፤ አንቺ በጡትሽ ማይላቸው።"

"እውነትህን ነው ግን?"

"ባንቺ ጡት እዋሻለሁ?"

"ሱግራስ?"

"እህቴ አይደለችም እንዴ? በራሴ ዝሆን ላይ ነው የማስቀምጣት።"

መንገዱ በማንጎ ጥሻ ዳር ያልፋል። ከኮትላ ወጥቶ ወደ ወንዙ መሻገሪያ የሚሄድ ሰው ሁሉ በዚያው ነው የሚያልፈው። ቡንዲ በተከፈተው መጋረጃ አሻግራ ስታይ ከዛፎቹ መሃል ፈረሰኞች ወርደው በረድፍ ቆመዋል። እያንዳንዱ የፈረሱን አፍንጫ በእጁ ይዟል፣ እንዳያሽካካ።

"እነዚያ ምን ያደርጋሉ?"

"አጃቢዎች ናቸው" አለ ሙስተጃብ ወደዚያ ሳያይ። "ሰዎቹን መንገድ ላይ ሽፍታ እንዳይዘርፋቸው።"

ቡንዲ ሁለት ዓመት በፈረሰኛ ግቢ የኖረች ሴት ናት። የሚያጅብ ሰው የፈረሱን አፍንጫ እንደማያፍን ታውቃለች። ዶሊው ይቁም ማለት ትችል ነበር። ወርዳ ወደ ቤቷ በእግሯ መመለስ ትችል ነበር፤ ማንም አያስራትም። እጇን ዘርግታ መጋረጃውን ዘጋችው።

የኮትላ በር አልተከፈተም። ሚር ሂማየት ከበሩ በላይ ባለው ግንብ ላይ ወጣ፤ በግራ ቀኙ የከተማው ሰው ተደረደረ። ዘር እህሉን ጨርሶ የበላ ሕዝብ ነው፤ ከታች ሲታይ ዓይን ብቻ ነው።

"ያጠባሽው አንቺ ነሽ?" አለ ሽማግሌው።

"እኔ ነኝ፣ ጌታዬ።"

"ታውቂዋለሽ?"

"በእጄ ላይ ነው ያደገው።"

"እሱማ እባብም በእጅ ላይ ያድጋል። እኔ የምልሽ ታውቂዋለሽ ወይ ነው።"

ሙስተጃብ ራቅ ብሎ ቆሟል። ቡንዲ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። "የሚነካችሁ የለም" አለች። "ብዋሽ ያጠባሁት ጡት ይፍረድብኝ።"

ከግንቡ ላይ የእፎይታ ይሁን የለቅሶ ያልለየ ድምፅ ወረደ። የእናት ጡት መሐላ ነው፤ ከዚህ በላይ ምን አለ? ሽማግሌው ግራ ቀኙን ሲያይ ሰዉ ሁሉ እሱን ያያል። ይህን ጊዜ በሰዎቹ መሃል አንዲት አጭር ሴት ተሹለክልካ ወደ ግንቡ አፋፍ ወጣች።

"እማዬ!" አለች ሱግራ። "ፊትሽን አሳዪኝ!"

ቡንዲ ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ሳበች። "ፀሐዩ ዓይኔን ወጋኝ፣ ልጄ" አለች።

ሱግራ ከአፋፉ ወርዳ በሰዎቹ መሃል ጠፋች።

በማግስቱ ጠዋት በሩ ተከፈተ። ኢዱ ሽባ እናቱን በጀርባው ለማዘል ሲታጠቅ ሱግራ እጁን ያዘችው። ይህን ኋላ ለአባቷ የነገረችው እሷ ናት።

"እኛ አንሄድም" አለችው።

"እናትሽ በጡቷ ምላ?"

"እናቴን ስለማውቃት ነው።"

"አይ ሱግራ፣ አንቺ ደግሞ በእናትሽ ቂም አታልቂ። አማቴ ልጇን አታስበላም።"

"ልጇንማ አታስበላም" አለች ሱግራ።

ኢዱ አልገባውም። እናቱን አዝሎ ከሰዉ ጋር ወጣ። ሱግራ ከቀላሚዎቹ ጋኖች እስከ ግማሹ ሰማያዊ ቀለም ያለበትን አንዱን መርጣ ገባችና ክዳኑን በላይዋ ሳበችው።

ቡንዲ በድንኳን ተቀምጣ ሩዝ በሥጋ ቀርቦላት ነበር። ከማንጎው ጥሻ በኩል ድምፅ ሲነሳ መጀመሪያ የወፍ መንጋ መሰላት። ጉርሻውን በእጇ እንደያዘች ቀረች። ድምፁ እስኪያልቅ ድረስ ጉርሻውን አልጎረሰችም፣ አላስቀመጠችም። በማንጎዎቹ ሥር ስንት ሰው እንደወደቀ የቆጠረ የለም። ሚር ሂማየት ከሁሉ ፊት ነበር አሉ።

ተነስታ ወደ ሙስተጃብ ሄደች። ከድንኳኑ ደጅ ፀጉር አስተካካዩ አገጩን እየላጨው አገኘችው። ምላሷ ላይ የነበረውን ቃል ታውቀዋለች፤ ጡት ነካሽ፣ ያጠባሁህ ጡት ይፋረድህ! ማንኛዋም እናት ለዚህ ያንን ትላለች።

"እማዬ፣ ምሳ በላሽ?" አላት ከአረፋው ውስጥ።

"ምን አደረግህ?"

"ውጡ አልኩ እንጂ ድረሱ መቼ አልኩ?" አለ። ፀጉር አስተካካዩ ፍርስ ብሎ ሳቀ። "ሱግራን እያስፈለግሁልሽ ነው፤ ከሞቱት ውስጥ የለችም። ድካሙ በዝቶብሻል፣ ሂጂ ረፍ በይ።"

ሁለቱም ዓይናቸውን ወደ መስተዋቱ መለሱ። ቡንዲ አፏን ከፈተች። "ዶሊው የት ነው?" አለች።

በዶሊ ወደ ቤቷ ተመለሰች። እርግማኗን ከነሕይወቱ ዋጠችው። በመንገዱ ላይ ስንት ጊዜ፣ ወርጄ በእግሬ ልሂድ፣ ቢያንስ በእግሬ ልሂድ አለች። አልወረደችም። ሸካሚዎቹ ስለ ምሳቸው እያወሩ አደረሷት።

ሱግራ በሦስተኛው ቀን መጣች። እስከ አንገቷ ሰማያዊ ሆናለች፤ ፊቷ ብቻ የሰው ፊት ነው። የናሱን በር አየችና አልገባም ብላ ቆመች። "አባዬ!" ብላ ተጣራች። ጁማን በጓሮ ዞሮ መጣና አቀፋት፤ ሸሚዙ በቀለሙ ተነከረ። ስለ ኢዱ፣ ስለ አማቷ፣ ስለ ሁሉም ለእሱ ነገረችው። ቡንዲ በሩ ላይ ቆማ ሰማች።

"አላወቅሁም ነበር፣ ልጄ" አለች በመጨረሻ። "በአላህ ይሁንብኝ፣ አላወቅሁም።"

ሱግራ ያን ጊዜ ብቻ ዞራ አየቻት። "ከግንቡ ላይ ሆኜ ዶሊሽን ሳይ ነበር" አለች። "መጋረጃው ተከፍቶ ነበር። ማንጎው ጋ ስትደርሺ ተዘጋ። እኛ ከላይ ዛፉን እንጂ ከሥሩ ያለውን አናይም። አንቺ ምን አይተሽ ነው የዘጋሽው?"

ቡንዲ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ተመኘች። መሬት ግን እንዲህ ላለው ነገር አትከፈትም። ሱግራ አባቷን ስማ በመጣችበት መንገድ ተመለሰች፤ የሚቀበር ሰው ነበራት።

የንጉሡ ጦር ሁለት ሳምንት ዘግይቶ ደረሰ። መድፉ ገና ሦስት ጊዜ ሲያገሳ ሙስተጃብ ያበላቸው ሁሉ ጉርሻቸውን እየዋጡ ተበተኑ። ቀትር ላይ ሙስተጃብ ብቻውን፣ በሚያነክስ ፈረስ፣ ቡንዲ ደጅ ወረደ። ካባውን አውልቋል። ጁማን እንዳየው ተነሳ፤ ደጋኑን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ሰላምታም ስድብም ሳይናገር በጓሮ ወጣ።

"የሚበላ አለ፣ እማዬ?"

ቂጣ በምስር ሰጠችው። በትልልቁ እየጎረሰ በላ፤ ምስሩ በአገጩ ወረደ። ቡንዲ ሳታስበው በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችለት። ጠርጋ ስትጨርስ በገዛ እጇ አፈረች።

"ፈረሰኞች ይመጡብኛል" አለ እያኘከ። "ወደ ሰሜን፣ ወደ ጫካው ሄደ በያቸው። በጡትሽ ማይላቸው፤ ያምኑሻል።"

"የኔን መሐላ ከእንግዲህ ውሻም አያምነው" አለችው። "ጨረስከው እኮ፣ ልጄ።"

ትንሽ ሳቅ አለ። "እሱስ እውነትሽን ነው።" ተነሳና እንደ ልማዱ ጎንበስ አለ። "እሺ፣ መርቂኝ።"

ቡንዲ መመረቅም መርገምም አቃታት። ጎንበስ እንዳለ ጥቂት ጠበቀ፤ ቀና አለና ፈረሱን እየሳበ ከሰፈሩ በታች ወዳለው የወንዝ መሻገሪያ ሄደ።

ብዙም ሳይቆይ የንጉሡ ፈረሰኞች ሰፈሩን አጥለቀለቁት። አለቃቸው ከፈረሱ ሳይወርድ ጅራፉን አነሳ። "አንቺ አሮጊት፣ የት ገባ?"

ጅራፉ ገና በአየር ላይ ነው። "መሻገሪያው ጋ" አለች ቡንዲ፣ በእጇም አመለከተች።

እስከ ጉልበቱ ውኃ ውስጥ ገብቶ ያዙት። ዴልሂ ወሰዱት፤ እዚያ የሆነውን ያዩ ሰዎች እየመጡ ሊያወሩላት ሲጀምሩ ተነስታ ትሄዳለች።

ከዚህ ሁሉ የባሰባት ግን ሙገሳው ነበር። ኑርገንጅ በአንድ ቀን አፉን አዞረ። ያችን የኮትላን ደም የመለሰችውን ሴት አያችሁ፣ የጡት ልጇን ለፍርድ አሳልፋ የሰጠችውን፣ ይባል ጀመር። ኢማሙ የንጉሡን ስም ወደ ኹጥባው በመለሰበት ጁምዓ እሷንም አነሳት። ያኔ አጥሯ ተንዶባት ምላሷን የዋጠችው ጎረቤቷ እንቁላል ይዛላት መጣች።

"ጅራፉን ፈርቼ ነው" አለቻት ቡንዲ። "ለኮትላ ብዬ አይደለም። ሊመታኝ ስለነበር ነው።"

"ወይ ትሕትና!" አለች ጎረቤቲቱ። "እንዲህ ያለ ሰው ነው ጀነት የሚገባው።"

ቡንዲ እንቁላሉን መልሳ ላከችው። ትዕቢተኛ ናት ተባለች፤ እሱ ቀለል አላት።

ጁማን በተከታዩ ክረምት ሞተ። እስከ መጨረሻው ቀን አልወቀሳትም፤ ያም ራሱን የቻለ ወቀሳ ነበር። አርባው ሲወጣ ቡንዲ የባሏን ደጋን በጨርቅ ጠቅልላ በእግሯ ኮትላ ሄደች። ያን መንገድ ዳግመኛ በዶሊ አልሄደችውም። ሱግራ ጋኖቹ መሃል ቆማ ጨርቅ እያማሰለች አገኘቻት።

"ምን ፈልገሽ ነው?"

"የምሠራው ነገር ካለ።"

ሱግራ በማማሰያው እንጨት ከጋኖቹ ጀርባ ያለውን ጎጆ አሳየቻት። ምግብ ታቀርብላታለች፣ ሲያማት ውኃ ታሞቅላታለች። ሰው ፊት ግን "እማዬ" አትላትም። ማን ናት ሲሏት፣ "ጥጥ የምትነድፍ አሮጊት ናት" ትላለች። ቡንዲ ይህን ከጎጆዋ ሆና ስትሰማ፣ ውሸት የለበትም ትላለች ለራሷ።

በኮትላ ሰው ያልሞተበት ቤት ጥቂት ነው። የከተማው ሴቶች አልረገሟትም፣ ድንጋይም አልወረወሩባት። ውኃ መቅጃው ላይ ስትመጣ ወሬያቸውን አቋርጠው ማድጋቸውን ያነሳሉ፣ ይሄዳሉ። እሷም እነሱ የማይመጡበትን ሰዓት ለየች። ጥጥ ትነድፋለች፣ ድሪቶ ትሞላለች፣ የሞላችውን ብርድ ልብስ ባሎቻቸው በማንጎው ሥር በቀሩባቸው ሴቶች ደጅ እየጣለች ትመለሳለች። አንዳንዶቹ ወሰዱት። አንዳንዶቹ ለበሬዎቻቸው አለበሱት።

ዘይት ጨማቂዋ ረምካሊ ከሁሉም ከባድ ነበረች። ባሏና ሁለት ልጆቿ በአንድ ጠዋት አልቀውባታል። የመጀመሪያውን ብርድ ልብስ ወደ መንገድ ወረወረችው፤ ጭቃ ላይ ሁለት ቀን ተኛ። በሁለተኛው ዓመት ሁለተኛውን በእንጨት አንስታ ቡንዲ ጎጆ ደጅ መልሳ ጣለችው። በሦስተኛው ዓመት ጉሙ ወር ሙሉ አልገፈፍ ያለበት፣ ከብት እንኳን ቆሞ የሞተበት ብርድ መጣ። ያን ጊዜ የተጣለው ብርድ ልብስ ከደጃፏ ጠፋ።

ሰናፍጩ ሲያብብ ረምካሊ ወደ ጎጆዋ መጣች። አልተቀመጠችም። ቡንዲ ደጋኑን አስቀምጣ ብድግ አለች።

"ለብሼዋለሁ" አለች ረምካሊ። "ይሞቃል። ይቅር ግን አላልኩሽም።"

"አውቃለሁ" አለች ቡንዲ።

ረምካሊ ለመሄድ ዞረችና ቆም አለች።

"ለከርሞ ከታች በኩል ጥጡን ጨመር አድርጊበት። እግሬን ይበርደኛል።"

"እሺ" አለች ቡንዲ።